ፈርን መቆም የለመደች ጊዜ

ባለፈው ቅዳሜ ለንደን ውስጥ ፊንስበሪ ፓርክ ከባቡር ወርጄ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ አንዲት ነጭና ቡናማ ውሻ ከባለቤቷ አጠገብ ቆማ አየሁ። ርግቦች አፍንጫዋ ሥር የወደቀ የድንች ጥብስ ይለቅማሉ። እሷ ትንቀጠቀጣለች እንጂ ንቅንቅ አትልም። አውቶቡሴ መጥቶ ሄደ፤ እኔ ፈርንን ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ያኔ ገና ሃያዎቹን መጀመሬ ነው። ከምርጫ 97 በኋላ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን አቋርጬ ከአገር ወጥቼ፣ አርችዌይ ከአክስቴ ከወይንሸት ጋር እኖር ነበር። የጥገኝነት ጥያቄዬ አልተወሰነም፤ ሥራም አይፈቀድልኝም። ቀኑን ሙሉ አፓርታማው ውስጥ ተቀምጬ የደረጃውን ኮቴ አዳምጣለሁ። ታች በር በኃይል ሲዘጋ ብድግ እላለሁ። አክስቴ ይህን ታያለች።

ከእኛ በታች ሚስተር ዶውሰን የሚባሉ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። እንግሊዝኛው አንተንና አንቱን ባይለይም እኔ በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው። ገጠር ያደጉ፣ ከልጅነታቸው ከአደን ውሾች ጋር የኖሩ ሰው ናቸው። አደኑን ከተዉ ቆይተዋል፤ ውሾቹን ግን መተው አልቻሉም። ፈርን ገና አንድ ዓመት ያለፋት ፖይንተር ነበረች። የፖይንተር ሥራ ወፍ የተደበቀበትን ቁጥቋጦ በማሽተት አግኝታ፣ አፍንጫዋን ወደዚያ ቀስራ መቆም ነው፤ ወፉ ተነሥቶ ቢበር እንኳ መከተል የለባትም። ፈርን ማግኘቱን ታውቅበታለች፤ መቆሙን ግን አታውቅም። በዚያ በጋ ርግብ ስታሳድድ ሽማግሌውን ጎትታ ጣለቻቸውና ዳሌያቸው ተሰበረ። እሷም አስፋልት ውስጥ ገብታ አውቶቡስ ለጥቂት ሳታት።

ልጃቸው ካሮላይን ከምትኖርበት ከተማ መጥታ፣ ውሻዋ ለሌላ ሰው ትሰጥ አለች። ሽማግሌው የዛፉ ቅጠል ረግፎ እስኪያልቅ ጊዜ ስጪኝ ብለው ለመኗት፤ እስከዚያ መቆም ካልለመደች ራሳቸው እንደሚሰጧት ቃል ገቡ። ግን በምርኩዝ የሚሄድ ሰው እንዴት አድርጎ ውሻ ያሠለጥናል? አክስቴ ይህን ስትሰማ እኔን ሳትጠይቀኝ፣ የእህቴ ልጅ ታግዝዎታለች ብላቸው መጣች።

ውሻ እፈራለሁ አልኳት።

"እዚህ ተቀምጠሽም እየፈራሽ ነው" አለችኝ። "ውጪና ፍሪ።"

ስመለስ ግን ቀሚሴን ሳልቀይር ከበሩ አታሳልፈኝም ነበር። ውሻ ነክቶ ማዕድ መቅረብ ለእሷ የማይታሰብ ነው።

ጠዋት ጠዋት እኔ፣ ሽማግሌውና ፈርን በአውቶቡስ ሃምስቴድ ሂዝ ወደሚባለው ሰፊ ሜዳ እንወጣለን። መስከረም ነበር፤ በመንገዱ ዳር ጥቁር እንጆሪ በስሎ፣ ጣቶቼ ወይን ጠጅ እስኪመስሉ እለቅማለሁ። ሽማግሌው ሻይ በፔርሙስ፣ ቺዝ በዳቦ ይዘው ይመጣሉ። ረቡዕና ዓርብ የእኔ ቺዝ የፈርን ነው። እሳቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይመሩኛል፤ እኔ ረጅሙን ገመድ እይዛለሁ። ስትቆም በገመዱ ቀስ እያልኩ ቀርቤ ጀርባዋን እንድዳብስ፣ ከዚያም ከኋላዋ ወደ ወፉ ገፋ እንዳደርጋት ነገሩኝ። ወደ ወፉ? ብዬ ግራ ገባኝ። ስትገፊያት እምቢ ብላ እግሯን ትተክላለች፤ መቆሙ የራሷ ሐሳብ ይሆናል አሉ። እውነትም እንዳሉት ሆነ።

ትእዛዙ በእንግሊዝኛ ነበር የሚሰጣት። በመጀመሪያው ቀን ግን በድንገት ተወርውራ ገመዱ መዳፌን ሲልጠኝ፣ ሳላስበው "ቁሚ!" ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። ቆመች። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልሰማ አለች። ሽማግሌው ያቺን "ቁ" ለማውጣት ጉሮሯቸውን ሲያደክሙ ይውላሉ፤ "ኩሚ" ሲሏት ዞር ብላ ታያቸውና ወደ ሽታዋ ትመለሳለች።

ሳምንታት አለፉ። ትቆማለች፤ ወፉ ሲነሣ ግን ትፈተለካለች። ያኔ ሽማግሌው አጠገባቸው አስቀመጡኝና፣ ክፉ ሳይናገሩ፣ "እጅሽ ይንቀጠቀጣል" አሉኝ። "እሷ በገመዱ ትሰማሻለች። ወፉ ሲነሣ መጀመሪያ አንቺ ተንፍሺ።"

ስለ ምን እንደምደነግጥ አልጠየቁኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሁለታችንም፣ እኔም ፈርንም፣ መተንፈስ ተለማመድን።

ካሮላይን የመጣች ዕለት ዛፎቹ ራቁታቸውን ቀርተው ነበር። ፈርን ከመንገዱ ብዙም ሳትርቅ አንድ እሾሃማ ቁጥቋጦ ፊት ቀጥ አለች፤ የፊት እግሯ ተንጠለጠለ። ካሮላይን፣ ገመዱ ይፈታ፤ በገመድማ ማንም ይቆማል አለች። አባቷን አየሁ። በእሺታ አንገታቸውን ነቀነቁ። ፈታሁት። ከኋላችን ከአስፋልቱ የመኪና ድምፅ ይሰማል።

ከቁጥቋጦው አንድ ርግብ ክንፉን እያንጣጣ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ አስፋልቱ በረረ። ትንፋሼን ለቀቅሁ፤ "ቁሚ" አልኩ፣ ለራሴም እስኪገርመኝ በዝግታ። ፈርን ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ተንቀጠቀጠች። ከቦታዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። ከቦታቸው የተነቃነቁት ሽማግሌው ናቸው፤ ምርኩዛቸውን ወንበሩ ላይ ትተው፣ በሁለት እግራቸው ብድግ ብለው ርግቡን እያዩ ነበር።

"አባዬ፣ ቆመሃል እኮ" አለች ካሮላይን።

ወደ እግራቸው አዩና ደንግጠው ተቀመጡ። ካሮላይን ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። ስለ ውሻዋ መሰጠት ያን ቀን ማንም አላነሣም፤ ማንሣትም አላስፈለገም። ፈርን ሽማግሌው ቤት አርጅታ፣ ከእሳቸው ጥቂት ቀድማ ሞተች።

የእኔ ጉዳይ በዓመቱ ተወሰነልኝ። ከዚያ ወዲህ አግብቻለሁ፣ ልጆች ወልጃለሁ፣ እፎይ ያልኩባቸው ብዙ ቀናት አሉኝ። ሰው በጣም ደስ ያለሽ መቼ ነው ሲለኝ ግን የማስታውሰው የዚያን ዕለት የመልስ ጉዞ ነው። አውቶቡሱ ይሞቅ ነበር፤ በሩ ቋ እያለ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል። እኔ ማን እንደገባ ዞሬ አላየሁም። ለንደን ከገባሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው መሐል ተቀምጬ እንቅልፍ ወሰደኝ። አርችዌይ ስንደርስ የቀሰቀሱኝ ሽማግሌው ናቸው፤ ይቅርታ እየጠየቁ።