አማልፊ የዋልንበት ቀን

ባለፈው እሁድ ልጄ ሊያ ጄኔቫ፣ ሰርቬት ሰፈር ወዳለው ቤቴ ስትመጣ አንድ የድሮ ፎቶዬን አሳድጋ፣ በመስታወት አስገጥማ ይዛልኝ መጣች፤ ቀይ ቀሚስ ለብሼ፣ ጀልባ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ጥርሴ ሁሉ እስኪታይ የሳቅኩበትን። ፈረንሳይኛ በቀላቀለ አማርኛዋ «ማማ፣ እዚህ ላይ ትሬ፣ በጣም ደስተኛ ነሽ፣ ሳሎን እንስቀለው» አለችኝ። ምን ልበላት? ፎቶውን በተነሳሁበት ቀን እናቴ አዲስ አበባ ከተቀበረች ሁለተኛ ቀኗ ነበር። የሊያ አባት ጌታቸው ይህን እያወቀ ካሜራውን ደግኖ «ሳቂ እንጂ» ይለኝ ነበር፤ እኔ ምንም አላውቅም።

ያኔ ከተጋባን ገና ዓመታችን ነው። ጄኔቫ ከገባን ወዲህ ከከተማዋ ርቀን የማናውቅ ሁለት ሰዎች፣ ያን ሐምሌ ደቡብ ጣልያን ወርደን ሳሌርኖ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየን። ጌታቸው ማታ ከመንገድ ስልክ ዙሪክ ለሚኖረው ታላቅ ወንድሙ ለጋሽ በቀለ ደውሎ ሲመለስ ሆዴን አሞኛል ብሎ ራት ሳይበላ ተኛ። የመመለሻ ባቡራችን ከነገ ወዲያ ነበርና፣ ድንገት እንሂድ ቢለኝ እንደምጠረጥር ያውቃል።

ጠዋት በዚያ ሙቀት ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ ወጣ። አስተናጋጅ መስለሃቸው ማኪያቶ እንዳያዙህ ብዬ ቀለድኩበት፤ ለመሳቅ ሞከረ። ወደ አማልፊ የሚወስደን አውቶቡስ በገደሉ አፋፍ እየተጠማዘዘ፣ በየመታጠፊያው ጥሩምባውን እየነፋ ሲሄድ፣ ከላይ በየእርከኑ መረብ የለበሱ የሎሚ ዛፎች፣ ከታች ዓይን የሚወጋ ሰማያዊ ባሕር፣ እኔ በፍርሃትም በደስታም እየጮህኩ፣ እሱ እጄን ጨብጦ አልለቅም ብሎ። መንገድ ላይ አውቶቡሱ ከቆመበት በወረቀት የተጠቀለለ ጥብስ ዓሣ ገዝቶ የራሱንም ድርሻ ለእኔ ሰጠኝ። ለካስ ከዚያ በኋላ ምግብ እንደማይወርድልኝ አስቦ ነው።

አማልፊ ስንደርስ ለእማዬ ሎሚ የተሳለበት ሳህን መረጥኩ፤ ጌታቸው ሳይከራከር ከፈለና ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። አደባባዩ ላይ ስልክ አይቼ እስቲ ድምጿን ልስማ ስለው፣ መስመሩ ተበላሽቷል፣ ጋሽ በቀለም ሞክሮ አልገባለትም አለኝ። ያኔ የአገር ቤት መስመር መበላሸት ብርቅ ስላልነበር አመንኩት፤ ወዲያው ጀልባ ተሳፈርንና ያን ፎቶ አነሳኝ።

ልማዳችን ነው። መርዶ ሰው አገር፣ መንገድ ላይ፣ ደጋፊ በሌለበት አይነገርም፤ ሐዘንተኛዋ ቤቷ ገብታ፣ ወገን ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው። ጄኔቫ በገባን በማግሥቱ ሳይነጋ በራችን ተንኳኳ። ጋሽ በቀለ ከዙሪክ መጥቶ ወዳጅ ዘንድ አድሮ ኖሮ፣ የምናውቀውን ሐበሻ ሁሉ አስከትሎ ደጃፋችን ቆሟል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። የእናቴን ስም ከመጥራቴ በፊት ወደ ጌታቸው ዞሬ «እናቴ ሞታ ዓሣ ታበላኛለህ?» አልኩት።

ለዓመታት በተጣላን ቁጥር አማልፊን አነሳበት ነበር። እሱ አንዴ «እዚያ ብቻዬን እንዴት አድርጌ እይዝሽ ነበር?» አለኝ። አላሳመነኝም። እናቴን ማልቀስ በሚገባኝ ቀን አሳቀኝ ብዬ አዝኜበታለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም።

ጌታቸው ካረፈ ሁለት ክረምት አለፈ። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ቅያሪ ልብስ ላመጣለት ብዬ ወደ ቤት ስመለስ ትራም ውስጥ ስልኬ ጮኸ። አንዲት ትሑት ድምፅ በፈረንሳይኛ፣ ማዳም፣ ባለቤትዎ አሁን አረፉ፣ አዝናለሁ አለችኝ። አመሰገንኳት። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ጋዜጣውን ገለጠ፤ መውረጃዬ አለፈ፤ እኔም ከረጢቴን እንዳቀፍኩ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄድኩ። መርዶዬን ለአንድ ቀን እንኳ የሚደብቅልኝ ሰው እንዳልቀረኝ የገባኝ እዚያ ነው።