ጥያቄ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ

አቶ ወዳጆ በሕይወታቸው አጥብቀው የሚጠሉት ሁለት ነገር ነው፤ የኅዳር ውርጭና ስብሰባ። ውርጩስ ፀሐይ ሲወጣ ይለቃል። ስብሰባው ግን በ2009 ዓ.ም. የመንዝ ቀበሌያቸውን ቀየትን ከያዘ ወዲህ አልለቅ ብሎ ነበር። «ጥልቅ ተሃድሶ» የሚባለው የፓርቲ ግምገማ አገሩን ያዳረሰበት ዓመት ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ትዕዛዙ ይባላል፤ ስሙን ያወጡለት ሰዎች መቼም ነቢይ ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ከማዘዝ ሌላ ሥራ አያውቅም።

አንድ ቀን ለዚህ ሰው ደብዳቤ መጣለት። ዮፍታሄ የሚባል ተመራማሪ ስለ «ተሃድሷዊ ፍትህ» ሊያጠና ከአዲስ አበባ ስለሚመጣ ሽማግሌዎች ይሰብሰቡ ይላል። ትዕዛዙ ከደብዳቤው ውስጥ የታየው «ተሃድሶ» የሚለው ብቻ ነው። የፓርቲውን አባላት ሁሉ ከሽማግሌዎቹ ጋር ጠርቶ አስቀመጠ። አንዱ ምስኪንማ ማንም ሳይጠይቀው ተነሥቶ፣ ለጤና ኬላው ከመጣው ቆርቆሮ ሁለቱን ወስዶ የበግ ጋጣውን እንደከደነበት እያለቀሰ ግለ ሂስ አደረገ። አቶ ወዳጆ ደግሞ የሰበካ ጉባኤ አባል ናቸውና ቃሉን የሚያውቁት በቤተ ክርስቲያን በኩል ነው፤ እዚያ ተሃድሶ ማለት መናፍቅ ማለት ነው። ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡና በዚህ አገር መናፍቅ አናሳድርም አሉ። በስብሰባው መሃል የደረሰው ዮፍታሄ ጥናቱ አጥፊና ተበዳይ እንዴት እንደሚስማሙ መሆኑን እስኪያስረዳ ግማሽ ቀን አለቀ።

«እርቅ ማለትህ ነው?» አሉት ወዳጆ በመጨረሻ።

«እንደሱ ነው አባት።»

«ታዲያ እርቅ አትልም?»

ወዳጆ እንግዲህ ስለ እርቅ የሚያስተምራቸው አልነበረም። ገብስ አራሽ ናቸው፤ ሀብታቸው ጥቂት በግና የሚለብሱት አንድ ያረጀ የበግ ጠጉር ባና ነው። ነገር ግን አርባ ዓመት ሙሉ፣ በእግርም በፈረስም፣ የተጣላ ሲያስታርቁ ኖረዋል። ከባድ ነገር በመጣ ቁጥር «ወዳጆ ይጠሩ» ይባላል። ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤታቸው፣ የሰው ነገር ሲያበርዱ የራሳቸው አዝመራ በውርጭ አለቀ እያሉ ይነተርኳቸው ነበር። እውነት ነው፤ ሁለት ዓመት አልቋል።

በማግስቱ ዮፍታሄ ቤታቸው ድረስ መጥቶ ከግድግዳው ሥር ፀሐይ እየሞቁ አወጉ። ልጁ ብዙ አገር አንብቧል። በሩዋንዳ ሕዝቡ ሣር ላይ ተቀምጦ ስለፈሰሰው ደም እንደተነጋገረ፣ በኒውዚላንድ ልጅ ሲያጠፋ ሁለቱም ቤተሰብ አብሮ እንደሚመክር፣ በካናዳ ደግሞ ክብ ሠርተው ላባ እየተቀባበሉ፣ ላባውን የያዘ ብቻ እንደሚናገር አጫወታቸው። ወዳጆ ስለ ላባው ሁለት ጊዜ አስደገሙት። ቀጥሎ ልጁ ሳያስበው የነካቸውን ነካ። ስለ መንዝ ያገኘው ጽሑፍ ሁሉ ካሳና መሐላ ብቻ የሚል እንደሆነ፣ የተበዳይ ቤተሰብ ድምፅ የለውም እንደሚል ነገራቸው።

ካናዳ በላባ ሲታረቅ መንዝ ድምፅ የለውም! የወዳጆ ደም ፈላ። ያን ሰዓት ዝም ቢሉ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። ግን ሰው የሚኮራበት ነገር ሲነካ ዝም ማለት ለመነኩሴም ይከብዳል። ይሉኝታቸውን ጥለው፣ ከዚያም የባሰውን ግዝቱን ጥለው፣ ለዐሥራ ስምንት ዓመት ያልተነሣውን አነሡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1991 ዓ.ም. የካቲት፣ ጓሳ የሚባለው የጋራ መሬት ለሣር አጨዳ በተከፈተ ሰሞን፣ ጫኔና አጥናፉ በአንድ ክምር ሣር ተጣሉ። ጫኔ በዱላ መታው፤ አጥናፉ ሳያድር ሞተ። ጫኔ ታሰረ። የሟች ወንድሞች ደግሞ የጫኔን ወንድሞች በበቀል ዓይን ማየት ጀመሩ፤ መንግሥት ያሰረው ሰውየውን እንጂ ደሙን አይደለም። ወዳጆ ክረምቱን በሙሉ በጭቃ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ ተመላለሱ። የአጥናፉ ሚስት ጌታነሽ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ባሏ በተገደለ በአምስተኛው ወር ሴት ልጅ ወለደች። ያን ጊዜ ነው ወዳጆ ያሰቡት። ልጅቱ በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ የጫኔ ሚስት ጥሩሸዋ ክርስትና እንድታነሣት አደረጉ። በክርስትና የተዛመደ ደም አይፈላለግም። በዚያው ቀን ካህኑ መምሬ ዓምደ ሚካኤል ግዝት አሰሩበት፦ ይህን ነገር ዳግመኛ ያነሣ ውጉዝ ከመ አርዮስ።

አልተነሣም። ልጅቱ መቅደላዊት ተባለች፤ አባቷ ታምሞ እንደሞተ ተነግሯት አደገች። ጫኔ ስድስት ዓመት ታስሮ ሲመለስ ከሩቅ አገር የመጣ ዘመድ መሰላት። እሱን «አብዬ» ማለት የጀመረችው በራሷ ነው። ጫኔ ለትንሣኤ መጀመሪያ የሚጥለው በግ ለእነሱ ቤት ነው፤ ትምህርት ቤት የገባችውም እሱ በገዛላት ጫማ ነው። ሁለቱ ቤት በሰላም የሚያድረው ልጅቱ ስለማታውቅ መሆኑን ወዳጆ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር።

ይህን ሁሉ ለዮፍታሄ ነገሩት። ልጁ ስም እንደማይጽፍ ምሎ ነገራቸው፤ መጻፉን አቁሞ ዓይኑን ሲጠርግ ባዩት ጊዜ ደግሞ የበለጠ ደስ አላቸው። በመጨረሻ ቅጹን አውጥቶ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አነበበላቸው። አሥራ ዘጠነኛው፣ በእርቁ ሳይካተት የቀረ ተበዳይ አለ ወይ የሚል ነበር።

«የለም» አሉ ወዳጆ። «ሁሉም ታርቋል። ጻፍ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በዓመቱ «ለማኅበረሰቡ ግብረ መልስ» የሚል ቀጭን መጽሐፍ በካርቶን ታሽጎ መጣ። አንድም ሰው አይነካውም ነበር፣ ትዕዛዙ ባይኖር። ትዕዛዙ የቀበሌው ስም መጻፉን ሲያይ ደረቱ ተነፋና በትምህርት ቤቱ በየክፍሉ እንዲነበብ አዘዘ። «ስሞች ተቀይረዋል» ይላል ከሽፋኑ ሥር። ጫኔ ሌላ ስም ተሰጥቶታል፤ አጥናፉም፤ ጌታነሽም። ሰማንያው ቀን ግን አልተቀየረም፤ ጓሳም፣ የገዳዩ ሚስት ክርስትና ማንሣቷም። በአሥራ አንደኛ ክፍል የሥነ ዜጋ መምህሩ ያን ገጽ አንብቦ ሳይጨርስ ሁለት ልጆች ዞረው መቅደላዊትን አዩ።

ከሰዓት በኋላ መጽሐፉን ይዛ መጣች። አላለቀሰችም። ወዳጆ ወንበር ሳቡላት፤ አልተቀመጠችም።

«ጋሽ ወዳጆ፣ ሁሉም የውሸት ስም አላቸው» አለች። «እኔ የውሸት ስም እንኳ የለኝም። ሕፃኗ ነው የሚለኝ።»

 መጽሐፉን ገልጣ አሥራ ዘጠነኛውን አነበበችላቸው፣ ጥያቄውንም መልሱንም።

«እኔን መቼ ነው ያስታረቁኝ?»

«አንቺማ ልጄ» አሉ፣ «እርቁ ራስሽ አንቺ ነሽ።»

«እንግዲያው ፈርሻለሁ» አለችና ወጣች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ጫኔ ደጅ አልሄደችም። ጥሩሸዋ ልጄ ምን ሆነች እያለች ስትመላለስ ከረመች፤ ጫኔ ምክንያቱን የሰማ ዕለት ከቤት መውጣት ተወ። የአጥናፉ ወንድሞችም ልጅቱ ስትጠይቃቸው የቆየው ቁስል አመማቸው፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ጌታነሽ ግን የተቀየመችው ጫኔን አይደለም። እሷ በባሏ ደም ላይ ዐሥራ ስምንት ዓመት አፏን ይዛ ስትኖር፣ አፉን የከፈተው አስታራቂው መሆኑ ነው ያንገበገባት። ወዳጆ ሰላም ሲሏት ዞራ ታልፋለች። መምሬ ንስሐ ሰጥተው፣ አሰግደው፣ እግዚአብሔር ይፍታዎት አሏቸው። የእግዚአብሔሩ እንዲህ ቀላል ሆነ።

ወዳጆ ግን በንዴት አረሩ። በዮፍታሄ ተናደዱ፣ በትዕዛዙ ተናደዱ፣ በላባው ሳይቀር ተናደዱ። በመጨረሻ የሚናደዱበት ሰው ሲያልቅ የቀሩት ራሳቸው ብቻ ሆኑ። አንድ ጠዋት ኔትወርክ ወደሚይዝበት ጉብታ ወጥተው ዮፍታሄ ጋ ደወሉ። አሥራ ዘጠነኛውን እንዲሰርዝላቸው፣ «አለ፣ አንዲት ልጅ አለች» ብሎ እንዲጽፍ ለመኑት። ልጁ አዘነ፤ ይቅርታም ጠየቀ። ግን ታትሟል። ሁለተኛ እትም የሚኖረው በጀት ከተገኘ ነው አላቸው።

ከጉብታው ሲወርዱ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አነሡና አንገታቸው ላይ አደረጉ። በአገሩ ደንብ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳይ ደጅ ይቆማል፤ ተበዳዩ «አውርድ» እስኪለው አያወርድም። ከፊቱም አማላጅ ሽማግሌ ይሄድለታል። ወዳጆ ማንን ያስቀድሙ? ለዚህ የሚጠራው ሰው አርባ ዓመት ሙሉ እሳቸው ነበሩ። ብቻቸውን ሄዱ።

ጌታነሽ አይታቸው ወደ ጓዳ ገባች። የወጣችው መቅደላዊት ናት። የሰባ ዓመቱ ሽማግሌ ድንጋዩን እንደተሸከሙ አጎንብሰው ቆመዋል።

«ሽማግሌዎችዎ የታሉ?» አለቻቸው።

«የሉኝም ልጄ።»

«እኔም አልነበሩኝም» አለች። ደጃፉ ላይ፣ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። «ያውርዱ» ግን አላለችም።