በጥሞና ጊዜ የተደገሰ ሰርግ

ዜኖን ጋቭሊክ የኦልሾቬትስ መንደር ሹም ነው። በሹመቱ ዘመን ሁሉ ዝም ሲል ያየው ሰው የለም። እንጆሪ ሲለቅም ያወራል፤ ከቅዳሴ ሲወጣ ያወራል፤ ጥርሱን ሊያስነቅል የሄደ ዕለት እንኳ ስለ ምርጫ ሲተነትን ሐኪሙ መንቀያውን ይዞ ቆሞ ጠብቆታል ይባላል። ሚስቱ ሳቢና፣ «እኔ ያገባሁት ሬዲዮ ነው፤ ያውም መዝጊያው የተሰበረ» ትላለች። እንግዲህ ይህ ሰው ነው አንዲት ልጁን ሲድር ሁለት ቀን አፉን ሊይዝ የማለው።

ነገሩ የተበላሸው በፋሲካ ነው። ልጁ ኪንጋ ፖዝናን ከተማ ተምራ፣ እዚያው ሥራ ይዛ፣ እዚያው ሁበርት የሚባል ልጅ ወዳ ነበርና ሁበርትንም አባቱንም ለትውውቅ ይዛ መጣች። አቶ ክሳቨሪ ዕድሜውን ሙሉ ትራም የሚባለውን የከተማ ባቡር ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱም የሞተችበት ሰው ነው። ሾርባው ሳይቀዘቅዝ የፕሬዝዳንቱ ምርጫ ተነሳ። ማን እንዳነሳው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ሁለቱም በሌላው ያላክካሉ። ኦልሾቬትስ ውስጥ ከአሥር ሰው ዘጠኙ አንዱን ይመርጣል፤ ፖዝናን ደግሞ ሌላውን። ሾርባው መሐል ላይ ቀረ።

«ገጠሬ መቼ ይመርጣል? ቄሱ በጣታቸው ያሳዩትን ነው ምልክት የሚያደርግበት» አለ ክሳቨሪ።

«ከተሜ ደግሞ ወተት ከሱቅ የሚታለብ ይመስለዋል» አለ ዜኖን። «ያ የእናንተ ሰውዬ እዚህ ቢመጣ ላም ከበሬ አይለይም!»

«የእናንተውስ ከላምና ከበሬ ሌላ ምን ያውቃል?»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ክሳቨሪ ኮቱን አንስቶ ወጣ። ሁበርትም ተከትሎት ወጣ። ኪንጋ እንባዋን እየጠረገች አባቷ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ በሰርጌ ላይ ስለ ምርጫ አንዲት ቃል ብትነሳ እዚህ ቤት ዳግመኛ አልመጣም። አልጋዬን አውጣና የእንጆሪ ሣጥን ደርድርበት!»

ዜኖን እልኸኛ ነው። በማግስቱ የእንጆሪ ሣጥኖች ተሸክሞ ክፍሏ ውስጥ ከአልጋው አጠገብ ቆለለ። ብዙም ሳይቆይ ጸጸተው። ግን መልሶ ማውጣቱ እንደ ሽንፈት ታየውና ተዋቸው። ከዚያ ወዲህ በዚያ በር ባለፈ ቁጥር ሆዱ ይባባል። ልጅ ያለችው አንድ እሷ ናት፤ እሷ ካልመጣች ያ ቤት ለማን ነው?

ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተና አንድ ዘዴ መጣለት። በአገሩ ሕግ ከዓርብ እኩለ ሌሊት ጀምሮ እሑድ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት የምርጫው ሣጥን እስኪዘጋ የጥሞና ጊዜ ነው። እገሌን ምረጡ ብሎ የቀሰቀሰ ይቀጣል። ዜኖን ሰርጉን ለዚያው ቅዳሜ፣ መልሱን ለዚያው እሑድ አስቆረጠ።

«ሰው ሰርጉን ከምርጫ ያሸሻል፣ አንተ ጉያው ውስጥ ትወሽቀዋለህ?» አለች ሳቢና።

«መንግሥት አፋችንን በሕግ ከዘጋልን እኛን ምን አደከመን?»

ቅዳሜ እንደታሰበው ሆነ። የፖዝናን ዘመዶች በአውቶቡስ፣ ክሳቨሪ በራሱ መኪና መጡ፤ በእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች አዳራሽ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተጨፈረ። ወሬው ወደ ዋርሶው ወንበር ዘንበል ሲል ዜኖን ከየት መጣ ሳይባል ከተፍ ይልና፣ «ጥሞና! ጥሞና ነው ጎበዝ!» ይላል። ሰው ሁሉ ስለ ዝናብና ስለ ጉልበት ሕመም አወራ። ክሳቨሪና ዜኖን እንኳ በሩቁ እጅ ተነሳሱ።

እሑድ ጠዋት ከተሜዎቹ ባሉበት ለመምረጥ የሚያስችላቸውን ወረቀት ይዘው መጥተው ነበርና ሰርገኛው በሙሉ በአኮርዲዮን ታጅቦ ምርጫ ወደሚካሄድበት የመንደሩ ትምህርት ቤት ወረደ። ጎረቤቱ አሮጊቷ ጀኖቬፋ ከአጥራቸው ላይ ሆነው ተጣሩ።

«አንተ ዜኖን! ልጅህን ስትድር መንደሩንም አብረህ ለፖዝናን ዳርከው እንዴ? ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚለጠፈው ውጤት ጉድ ነው የሚሆነው!»

ዜኖን ምላሱ ጫፍ ላይ የመጣውን መልስ ዋጠና፣ «ጥሞና፣ እትዬ ጀኖቬፋ» ብሎ አለፈ።

ቀኑን እንዲህ ተወጣው፤ የፈራው ግን ምሽቱን ነው። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሕጉ ያበቃል፤ ማን እንዳሸነፈ ግምቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይነገራል። አዳራሹ ውስጥ አኮርዲዮን ተጫዋቹን ወደ ጥግ ወስዶ፣ «ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ሰው ጎረቤቱን እንዳይሰማ አድርገህ ተጫወት» አለው። ስልክ ላይ ያቀረቀረውን ሁሉ ሳቢና እጁን ጎትታ ለጭፈራ እንድታስነሳ አዘዘ። ከዚያ ዞር ቢል የክሳቨሪ ወንበር ባዶ ነው።

የፈሩት ይደርሳል ይሉ የለ! ሰውዬው ውጤቱን ሊሰማ ወጥቷል። ካሸነፈ እየፎከረ ይገባል፤ ከተሸነፈ እየተሳደበ። «እኔም ዝም አልለው» ሲል አሰበ፤ ራሱን ያውቃልና። ወደ ደጅ ሮጠ።

በዚያ አገር በዚህ ወቅት ፀሐይ ዘግይታ ትጠልቃለችና ብርሃኑ ገና አልሞተም ነበር። ክሳቨሪ ከአንድ ዛፍ ሥር መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ጣቱን ሬዲዮው ላይ አሳርፏል። ሬዲዮው ግን ዝግ ነው።

«አቶ ክሳቨሪ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ልከፍተው ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ።» ቀና ብሎ አየው። «ካሸነፍን ደስታዬን መደበቅ አልችልም። ከተሸነፍን ደግሞ የእርስዎን ፊት ሳይ ያስቸግረኛል። ሁበርት ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? ‹አንዲት ቃል ብትተነፍስ ለገና ብቻህን ትበላለህ።› እናቱ ከሞተች ወዲህ ያለኝ እሱ ነው።»

«የእኔዋ ደግሞ አልጋዬን አውጣ ብላኛለች» አለ ዜኖን።

«እርስዎንም?»

«እኔንም!»

ሁለቱም ሳቅ አፈነዳቸው። ዜኖን ዞሮ በወዲያኛው በር ገብቶ ተቀመጠ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ወሬ ጠፋ። ከምርጫ ሌላ ተነጋግረው አያውቁማ! ዜኖን አሰብ አሰብ አደረገና፣ «እኔ ምልዎ፣ ትራም ፍሬን ሲይዝ ሐዲዱ ላይ አሸዋ ያፈሳል የሚሉት እውነት ነው?» አለ።

የክሳቨሪ ፊት በራ። «እንዴታ! በተለይ ቅጠል ሲረግፍ። ርጥብ ቅጠል ከበረዶ ይብሳል...» ብሎ ጀመረ። ዜኖንም በተራው በረዶ የመታው እንጆሪ ስለሚቆረጥበት መንገድ አስረዳው። ሦስት ሰዓት መጥቶ ሲያልፍ ሁለቱም ልብ አላሉትም።

ድንገት አዳራሹ ውስጥ ጩኸት ቀለጠ።

«ተነገረ ማለት ነው» አለ ክሳቨሪ። «የእናንተ ናቸው የእኛ የሚጮኹት?»

«እኔ እንጃ! ይነሱ፣ ሳይደባደቡ እንድረስ!»

እያለከለኩ በሩን በረገዱት። ገጠሬውም ከተሜውም ጠረጴዛውን በማንኪያ እየደበደበ፣ «መራራ! መራራ!» ይላል። ቮድካው መረረን፣ ሙሽሮች በመሳም አጣፍጡልን ማለታቸው ነው። ሁበርትና ኪንጋም እየሳቁ ተሳሳሙ። ዜኖን የበሩን መቃን ይዞ በረጅሙ ተነፈሰ። ወዲያው ሁለት ቀን ያፈነውን ድምፅ ሁሉ አውጥቶ፣ «መራራ!» ሲል አዳራሹን አናወጠው። ክሳቨሪም ተቀበለው።

ኪንጋ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ አባቷ መጣች።

«ሦስት ሰዓት አልፏል፤ ሕጉ አይዝህም። ማን አሸነፈ?»

«አላውቅም።»

«አንተ? አታውቅም?»

«ከአቶ ክሳቨሪ ጋር የትራም ፍሬን ስናወራ አመለጠን።»

ኪንጋ አባቷን አየች፤ ከኋላው ቆሞ ላቡን የሚጠርገውን አማቷን አየች። ከዚያ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«አልጋዬን እንዳታነሳው» አለችው በጆሮው። «ለገና እንመጣለን፤ የሁበርትንም አባት ይዘን።»

ሰኞ ጠዋት ዜኖን ከሁሉም ቀድሞ ተነሳና ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ከክፍሏ አውጥቶ ጎተራ ከተተ። ሬዲዮውን የከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።