የጤና ተቆጣጣሪው የመጣ ዕለት

ለጥገኝነት ጉዳዬ «ቀርበሽ ፈርሚ» ተብዬ በሄድኩበት የኢሚግሬሽን ቢሮ እጄን በካቴና አሰሩኝ። መኪናዬን መንገድ ላይ ፓርክ አድርጌ ስለነበር መጀመሪያ ያሳሰበኝ የፓርኪንግ ቅጣቱ ነው። አገር ቤት በፖለቲካ ታስሬ ወጥቻለሁ፤ እስር ያለቀልኝ መስሎኝ ነበር።

ያስገቡኝ ክፍል ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም። ሴቶች ተጠጋግተን ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠናል። ጥግ ላይ መጋረጃ የሌለው ሽንት ቤት አለ። የምንጠጣውም እዚያው ከላዩ ከተገጠመው ቧንቧ ነው።

አጠገቤ ያሉት ሀበሻ እናት ግሌንዴል ከተማ ውስጥ አሮጊት ይንከባከቡ የነበሩ፣ ራሳቸውም ያረጁ ናቸው። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል።

«እትዬ፣ ትንሽ ውሃ ይጠጡ እንጂ።»

«ከጠጣሁማ ሽንቴ ይመጣል፣ ልጄ። ይሄ ሁሉ ሰው እያየኝ?»

አንድ ጠዋት ኮሪደር ላይ አቁመውን ክፍሉን በበረኪና አጠቡት። መልሰው ሲያስገቡን ዓይናችን ያነባ ነበር።

«የጤና ኢንስፔክተር ይመጣል። ማንም እንዳያወራ» አለች ጠባቂዋ።

ያወራ ሰው ሩቅ ስቴት ወዳለ እስር ቤት ይላካል ይባላል። ሴት ልጄ እዚሁ ቅርብ፣ ኢንግልዉድ፣ እህቴ ጋ ናት። አፌን ልዘጋ ወሰንኩ።

ትንሽ ቆይቶ እትዬ እጄን ጨበጡኝ። «አልቻልኩም» አሉ በሹክሹክታ። ደግፌ ሽንት ቤቱ ጋ ወሰድኳቸውና ብርድ ልብስ እንደ መጋረጃ ዘረጋሁላቸው። አንዲት የማላውቃት ሴት ተነስታ ሌላውን ጫፍ ያዘችልኝ። በሩ የተከፈተው ይሄኔ ነው።

«አውርዱት!» አለች ጠባቂዋ።

ከኋላዋ ጓንት ያደረገ ጎልማሳ፣ ኢንስፔክተሩ፣ ቆሟል። ልጄ ፊቴ ላይ ድቅን አለች።

«ሲጨርሱ» አልኩ በእንግሊዝኛዬ። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞርኩ። «የምንጠጣውም ከዚሁ ነው።»

ጠባቂዋ ወደ እኔ ተራመደች። ሰውየው በእጁ አስቆማትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እስኪጨርሱ ድረስ እንደዚያው ቆመ።

እትዬ ልብሳቸውን አስተካክለው ከብርድ ልብሱ ጀርባ ወጡ። «በይ አሁን ውሃ ስጪኝ» አሉኝ።

በማግስቱ እኔን ወደ ሩቅ ስቴት ጫኑኝ። ጠበቃ አግኝቼ እስክፈታ ልጄ ያለእኔ በትምህርቷ አንድ ክፍል ተሻግራለች። እትዬን ዳግመኛ አላየኋቸውም።

ዛሬ ፌርፋክስ መንገድ ላይ አንድ ሬስቶራንት ኩሽና ውስጥ እሠራለሁ። የጤና ተቆጣጣሪዋ ስትመጣ የፍሪጁን ቅዝቃዜ ትለካለች፤ የሠራተኛውን ሽንት ቤት በር ገፋ አድርጋ በራሱ መዘጋቱን ታያለች። ባለቤቱ ይጨነቃል፣ እኔ ቆሜ አያታለሁ። ያ ሰውዬ ስለኛ ምን ብሎ እንደጻፈ አላውቅም። ያ የምድር ቤት ክፍል ዛሬም ሰው እንዳለበት ግን አውቃለሁ።