ጀልባዋ የሥራ ናት

ወንድሜ ሐይቅ ላይ ሰጥሞ ሞተ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ብዙ ወረቀት ቀድጃለሁ።

አሠሪው የኮምቦልቻ እህል ነጋዴ ነበር፤ ሐጂ ይሉታል። ሐይቅ ላይ ቀይ ትራስ የተነጠፈባት፣ ጥላ ያላት የሞተር ጀልባ ነበረችው። ነጂዋ ወንድሜ ነበር። ሙሽሮችን፣ ባለሥልጣኖችን ያንሸራሽር ነበር። ያን ቀን ነፋስ ተነስቶ ነበር። ሐጂው ግን «እንግዶቼ ማዶ እየጠበቁ ነው፣ ሂድና አምጣቸው» አለው። ሄደ። ጀልባዋ ምንም ሳትሆን ዳር ላይ ተገኘች። እሱን ግን... እሱን በኋላ አገኙት።

ሐጂው ለቅሶ አልደረሰም። ቃል ግን ላከ፦ «ሳላዘው ጀልባዬን ሰርቆ ሊዝናና ወጣ።» እናቴ ይህን ስትሰማ እንባዋ ደረቀ። «ልጄን ገድሎ ሌባ አለው» አለች፤ ከዚያ ወዲያ አላለቀሰችም። ሞቱን ይቅር እለው ይሆናል። ይህንን ግን አልችልም።

በሰፈራችን በሆጤ፣ ቅሬ ከምንለው ከዕድራችን አባላት አንዱ የግብር መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሆነ ጎረቤታችን ነበር። የለቅሶውን ድንኳን አብረን ስናጥፍ፣

«ወንድምህ ዓሣ ማጥመድ የት ተማረ?» አለኝ።

«የምን ዓሣ?»

«ሐጂው ጀልባዋ የዓሣ ማጥመጃ ናት ብለው አይደል እንዴ? ነዳጇም፣ ጥገናዋም፣ የወንድምህ ደሞዝም እየታሰበ ከግብራቸው ይቀነስላቸዋል።»

ወንድሜ ዓሣ መብላት እንኳ አይወድም ነበር። በዚያ በአብዮቱ ዘመን የቅንጦት ጀልባ አለው መባል ከግብሩም የከፋ ነበር፤ አድኃሪ ያሰኛል። ሐጂው በአንድ ውሸት ከሁለቱም አምልጦ ነበር።

እናቴን አበጋሮቹ ይጠሩልን አልኳት። እኛ ወሎዎች ነፍስ ሲጠፋ፣ እስላምም እንሁን ክርስቲያን፣ አስታራቂዎቻችን አበጋሮች ናቸው። እነሱ ፊት የተነገረ ቃል አይታጠፍም። ተጠርቶ መቅረትም ጥፋትን ማመን ነው። ሐጂው መጣ።

ቅሬው ደጃችን ላይ ተሰበሰበ። ጎረቤታችንን ከጎኔ አስቀመጥኩት።

«ልጅነት ነው» አለ ሐጂው። «አላህ ይማረው። ሊጫወት ወጣ፣ ቀረ።»

«ሐጂ... አንድ ነገር ልጠይቅዎ።» «ጀልባዋ የሥራ ናት ወይስ የሽርሽር?»

«ትራሷን ሳይ እኔስ የሙሽራ አልጋ መስላኝ ነበር!» አሉ አንድ ሽማግሌ ከኋላ። ሰዉ ሳቀ።

ሐጂው ሊመልስ አፉን ሲከፍት ጎረቤታችንን አየው። አፉ ክፍት እንዳለ ቀረ። ጎረቤታችን የጫት ቅጠል እየቀነጠሰ፣ «ይናገሩ እንጂ ሐጂ፣ እኛም እንስማ» አለው።

«የሥራ ናት።»

«የምን ሥራ?» አሉ አበጋሩ።

«የዓሣ።»

«ሟቹስ ምንዎ ነበር?»

«ሠራተኛዬ።»

«ሠራተኛ በሥራ ጀልባ ውሃ ላይ ቢወጣ ሰረቀ ይባላል?»

«አይባልም።»

«እንግዲያስ ማን ላከው?»

ሐጂው ላቡን ጠረገ። ቸኩሎ ነበር፤ እኔ ግን አልቸኮልኩም። እንዲቆይ ፈለግሁ። ቢቆይ፣ ቢቆይ ደስ ይለኝ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ።

ከመጋረጃው ጀርባ እናቴ እሪ ብላ አለቀሰች። ልቅሶዋ ደስ አለኝ። እናቱ ስታለቅስ ደስ የሚለው ሰው ካለ እኔ ነኝ።

የደሙን ካሳ ፈረዱበት፣ ዱዓ ተደረገ፣ ይቅር በል አሉኝ። ይቅር አልኩ። በማግሥቱ ጎረቤታችን ቤት ሄጄ፣

«የዓሣ ጀልባዋን መረብ አይታችሁታል?» አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝ። «አንተ ልጅ፣ ትናንት ታርቀህ የለም እንዴ?»

«ይቅር ያልኩት ደሙን ነው። ስለ ትራሱ የጠየቀኝ የለም።»

የግብር መሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሄደው አዩ። መረብ የለም፣ መንጠቆ የለም። በየዓመቱ የተቀነሰለትን ሁሉ መልሰው ጫኑበት፤ ጀልባዋንም ወሰዱበት። ኮምቦልቻ ገበያ ላይ ሳገኘው ሰላምታ እሰጠዋለሁ፣ ጎንበስ ብዬ። እሱ ነው ፊቱን የሚያዞር።

አንድ ጊዜ ሐይቅ ሄጄ ጀልባዋን አየኋት። ዳር ላይ ታስራ ውሃ ገብቶባታል። ገባሁና ቀዩ ትራስ ላይ ተቀመጥኩ። ሱሪዬ ራሰ። ወንድሜ እዚያ ላይ እንዲቀመጥ አንድ ቀን ተፈቅዶለት አያውቅም።