ጉልሱም የያዘቻት ጭልፊት

ጉልሱም አፏን ይዛ አታውቅም። በቱርክ፣ ከጥቁር ባሕር ዳሯ ከአርሃቪ ከተማ በላይ ባለው መንደር ተወልዳ፣ እዚያው ተድራ፣ አርባ ዓመት ሻይ ቅጠል ስትለቅም ያልተናገረችው ሰው የለም። በዚያ መስከረም ግን ዝም አለች፤ ዝምታውም አንጀቷን አሳረራት።

የመንደሩ ወንዶች አጥምደው ድርጭት የሚያሳድኗቸው ጭልፊቶች በጋራው የሚያልፉት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ልክ ማለፍ ሲጀምሩ የባሏ የራሚዝ ጉልበት አብጦ አልጋ ላይ ጣለው። ሰውየው ሊያለቅስ ምንም አልቀረው! "በቃ አንተ ተኛ" አለችና መረቡን ተሸክማ ወጣች። አባቷ ወፍ አጥማጅ ስለነበር ሥራውን ታውቀዋለች። ለማባበያ ትንሽ ወፍ አስራ፣ የቅጠል ጎጆ ውስጥ አራት ቀን ተደብቃ ጠበቀች። ንስሩ ከላይ እየተንሳፈፈ፣ እየተንቀባረረ አለፈ። ጭልፊት መች እንዲያ ታውቃለች? መጣች ሲሉ ደርሳለች! ከርግብ እምብዛም የማትበልጥ፣ ዓይነ ቢጫ፣ መረቡ ውስጥ ዘጭ! ጉልሱም ብቻዋን እልል አለች። ደግሞ ሴት ናት፤ በጭልፊት ወገን ትልቋ ሴቷ ስለሆነች ወንዱን ይዞ የሚያቆየው የለም።

ወፏን ይዛ ቤት ስትገባ ጠያቂዎች ተቀምጠዋል። ራሚዝ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ሳልታመም የያዝኳት ናት። እሷ አየር ልታስነካት ወስዳት ነው።" አቤት ውሸት! ጉልሱም በእንግዳ ፊት ባሏን ላለማዋረድ ዋጥ አደረገችው።

ወፏ ሰው እንድትለምድ ጫጫታ መሃል መዋል አለባት። ወንዶቹ የየራሳቸውን ጭልፊት ሻይ ቤት ይወስዳሉ። ራሚዝ መራመድ ስላልቻለ፣ ጉልሱም የሻይ ቅጠል መረከቢያው ጋ ሴቶች መሃል ይዛት ሁለት ሳምንት ዋለች። ወፏም የሴት ሳቅ፣ የሴት ጭቅጭቅና ባለ አበባ ሻሽ ለመደች።

የራሚዝ ጉልበት ሲሻለው ድርጭት ሊያድን ወደ ሜዳው ወረደ። ወንዶቹ ከበቡት። ወፏ ጢማሙን ሁሉ ስታይ ተርገፈገፈች፤ ከእጁ አመለጠችና ዋርካ የሚያህል ዛፍ ጫፍ ላይ ወጣች። ስጋ አሳያት። አፏጨላት። ወይ ፍንክች!

"ጋሼ ራሚዝ፣ እርግጠኛ ነህ ታውቅሃለች?" አለ ጎረቤቱ ጀላል፤ ሜዳው በሳቅ ተናጋ።

ጉልሱም ከዳር ቆማለች። "ይጥራት እስቲ፣ እሱ አይደል የያዛት!" ትላለች በሆዷ፤ ዓይኗን ግን ከወፏ አትነቅልም። ሌሎች ጭልፊቶች ባናታቸው እያለፉ ነው። ከተከተለቻቸው አበቃ። ወፏ ወደ ላይ አየች፣ ክንፏን ከፈት አደረገች።

"ጉልሱም!" ብሎ ጮኸ ራሚዝ። "ኧረ ወፍሽን ጥሪ! እኔ አይደለሁም፣ አንቺ ነሽ የያዝሻት!"

"ነይ የኔ ቆንጆ!" አለች እጇን ዘርግታ። ወፏ ቁልቁል ተወርውራ ክንዷ ላይ ጥብቅ አለች። ሳቁ ቀረና ወንዶቹ ቆመው ያዩዋት ጀመር። ጉልሱም የወፏን ላባ ዳበስ አደረገች።

"ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ?" አለቻቸው። "ቁጥቋጦው ድርጭት ሞልቶታል፤ ግቡና ቀስቅሱልኝ እንጂ!"

መጀመሪያ የገባው ራሚዝ ነው፣ እያነከሰ።