ወኪል አምጪ

የገና ሰሞን ነበር። ባንኩ በር ላይ ከሌሎች መምህራን ጋር ተሰልፌ፣ በትሬን ደረቴ ላይ አስደግፌ ቆሜያለሁ። ከሩቅ የመጣች አንዲት ተሳላሚ መዳፌን ፈልቅቃ ሳንቲምና ጭብጥ ቆሎ አኖረችበትና ትከሻዬን ሳመችው።

«ከወገል ጤና ነኝ፣ እቴ። ለልጄ ጸልዪልኝ።»

«እማማ፣ እኔ ወረፋ ይዤ ነው። መምህር ነኝ።»

«ይሁና! መምህር አይጸልይም?»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ቆሎውንም በላሁት። እሷን አልተቀየምኳትም። በገና ላሊበላ ደርሶ ምጽዋት ሳይሰጡ መመለስ ነውር ነው፤ በትር ይዞ ግድግዳ ጥግ የቆመ ዓይነ ስውር ደግሞ ሌላ ምን ሊሠራ ይቆማል? የእሷ ስሕተት የቅን ሰው ስሕተት ነበር። ደሜን ያፈላው ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጠው ነው።

የመምህራን ደመወዝ በባንክ ይሁን የተባለበት ዓመት ነው። ባንኩም ለቱሪስቱ ብሎ የካርድ ማሽን በሩ ላይ ተክሏል፤ ለእኛም ካርድ ይሰጣል። አብራኝ የመጣችው የአማርኛ መምህርቷ ጓደኛዬ ናት። ተራዬ ሲደርስ ሠራተኛው እኔን ትቶ እሷን ጠየቃት።

«ምን ፈልጋ ነው?»

«እሷን ጠይቃት። ጆሮዋ ደኅና ነው።»

«ሒሳብ ልከፍት፣ ካርድም ላወጣ» አልኩ።

«ሒሳቡ ይከፈታል። ግን ወኪል አምጪ። ማየት የማይችል ሰው በወኪል ነው የሚፈርመው። ካርድ ደግሞ አይሰጥሽም።»

«በየትኛው ሕግ?»

«መመሪያ ነው።»

ኩፍኝ ዓይኔን የወሰደው ገና ድክ ድክ ስል ነው። ቤተሰቦቼ ከጠበል ጠበል ሲያዞሩኝ ፊደል ያሰበልኝ አልነበረም። እኩዮቼ ልጅ አቅፈው ሲያጠቡ እኔ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ተቀምጬ የብሬል ነጥብ በጣቴ እዳብስ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ ነገር አይችልም፤ የገባውን ነገር «አይገባህም» ሲሉት ዝም ማለት። ያን ቀን ግን ዝም አልኩ። ደመወዙ ያስፈልገኝ ነበር።

ወኪል የሆነኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ከላሊበላ ወጣ ብላ ባለችው ብልባላ ገበሬ ነው፤ ፊደል አልቆጠረም፤ በአውራ ጣቱ ነው የሚፈርመው። ልብ አድርጉልኝ። የምስክር ወረቀቷን በማዕረግ የተቀበለችው መምህር መፈረም አትችልም ተብላ፣ ማንበብ የማይችለው ወንድሟ ጣቱን ቀለም ነክሮ ስለ እሷ ይጫናል። ማየቱ በቃ! የተጻፈውን ይወቀው አይወቀው የጠየቀ የለም።

በየወሩ በሬውን ፈትቶ፣ በእግሩ ገስግሶ ይመጣል። አንድ ቀን ከባንኩ ስንወጣ «አያ፣ አደከምኩህ» አልኩት።

«አብሽሪ። ግን እንዲያው ልጠይቅሽ፤ ይኼ አውራ ጣቴ ምን ተምሮ ነው ካንቺ ጭንቅላት የታመነው?»

ሰኔ ላይ ዘር ጠንቶበት ሳይመጣ ቀረ። ደመወዜ ባንክ ውስጥ ነው፤ እኔ ባንክ በር ላይ ነኝ። ወሩን በጓደኛዬ ማዕድ ከረምኩ። የማስተምረው ሥነ ዜጋ ነው፤ በዚያው ሳምንት የደረስንበት ምዕራፍ ደግሞ ስለ እኩልነት። ክፍል ውስጥ «ዜጎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው» ስል ቃሉ አፌ ውስጥ እንደ ተበላሸ ወተት ኮመጠጠኝ። ከዚያ ወዲያ የወንድሜን ጣት እንደማልጠብቅ ወሰንኩ።

ጓደኛዬ ማታ ማታ ሕጉን ታነብልኛለች፤ እኔ በብሬል እወጋዋለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ዓይነ ስውሩንና ማንበብ የማይችለውን በአንድ ገመድ አስሮ፣ ፊርማቸው በባለሥልጣን ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድዳቸውም ይላል። እንዳንታለል ብሎ ነው። ሊጠብቀኝ የታጠረ አጥር እኔኑ ውጭ አስቀርቶኛል። ያም ሆኖ «ወኪል አምጪ» የሚል ቃል የለበትም። አገራችን ተቀብላ ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች ስምምነት ደግሞ፣ የገንዘብ ጉዳያችንን ራሳችን እንድናስተዳድር፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነ አገልግሎትም ለእኛ እንዲመች ያዝዛል። ሁለቱን ይዤ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ።

«ላንቺው ብለን ነው» አለኝ። «ቢያጭበረብሩሽስ?»

«ዓይን ያለው አይጭበረበርም?»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ጣቴን ነጥቦቹ ላይ አድርጌ አንቀጾቹን አንድ በአንድ አነበብኩለት። ሲያዳምጥ ሳይሆን ጣቴን ሲያይ እንደነበር ያወቅሁት፣ ስጨርስ «ይገርማል እኮ!» ሲል ነው። ሕጉ አይደለም የገረመው።

እንዲያም ሆኖ ካርዱን ሰጠኝ። «በራሴ ኃላፊነት» እያለ፣ እንደ ውለታ። የምስጢር ቁጥሩን በታሸገ ፖስታ አቀበለኝና «ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ። ቁጥሩ በወረቀት የታተመ ነው። ጓደኛዬ ጆሮዬ ላይ አነበበችልኝ፤ ሌላ ምን ላድርግ?

በማግስቱ ብቻዬን ማሽኑ ጋ ሄድኩ። ቁልፎቹን በጣቴ አገኘኋቸው፤ አምስት ላይ ትንሽ ነጥብ አለች። ቁጥሩን አስገባሁ። ማሽኑ ጢጥ አለና ዝም አለ። መስታወቱ ላይ አንድ ነገር እየጠየቀኝ ነው፤ ምን እንደሆነ ግን አይናገርም። ከኋላዬ ሰው ተጠራቀመ። አንዱን ቁልፍ ነካሁ፤ እንደገና ጢጥ አለ።

ዘበኛው መጣ። «ቁጥርሽን ንገሪኝና ከመጀመሪያው ልጫንልሽ፣ እቴ።»

«ለማንም አትንገሪ ተብያለሁ።»

«እኔ ማንም ነኝ እንዴ? ዘበኛ ነኝ!»

«እህ፣ ንገሪውና እንሂድበት!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ያንተን ንገረውና አሳየኝ» አልኩት። እኛ ስንነታረክ ማሽኑ ካርዴን ዋጠው።

ውስጥ ገባሁ። የመስኮቱ ሠራተኛ ድምፁን እንኳ አልቀየረም። «ካርዱ ሲመለስ ይፈረምበታል። ወኪልሽ ይምጣ።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። «ወኪል የለኝም። ካርዴን ሳልይዝ አልነሳም» አልኩት፤ ድምፄን ከፍ ሳላደርግ። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ። አንዱ ጭኔ ላይ ሳንቲም ጣለ፤ አንስቼ ወለሉ ላይ ወረወርኩት። የወገል ጤናዋን ሴት ስቄ ባሳልፋትም፣ ያን ቀን ሳቄ አልቆ ነበር። ምሳ ሰዓት አለፈ። ወንበር ሲነሳ፣ መሳቢያ ሲዘጋ፣ ቁልፍ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ራሱ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«በይ እስኪ፣ በር ልንዘጋ ነው። እዚህ ጋ ፈርሚ።»

ከካርቶን የተቆረጠችውን የፊርማ ማስመሪያዬን አውጥቼ፣ ጣቴን ካስቀመጠበት ቦታ ላይ አስደግፌ ስሜን ጻፍኩ። ወኪል የጠየቀ የለም። ምስክርም የጠየቀ የለም። ሕጉም ስምምነቱም ያላስከፈቱትን በር የመዝጊያ ሰዓት አስከፈተው። ካርዴን ስቀበል ደስታ አልተሰማኝም፤ ንዴቴ አልወጣልኝም ነበር።

«ማሽኑስ መቼ ነው የሚናገረው?» አልኩት።

«እሱ እንኳ ከእኛ አቅም በላይ ነው። አዲስ አበባን ነው መጠየቅ።»

«እንግዲያው ጻፉላቸው» አልኩት። «እኔ እፈርማለሁ።»